ሰማይ ላይ ያለችው ድንቅነሽ፦ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ እንዴት ተገኘች፣ ስምስ እንዴት ወጣላት?

ድንቅነሽ ሲባል ቶሎ ትዝ የምትለን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ቅሪተ አካል ናት። ሰማይ ላይም ግን አንዲት ድንቅነሽ አለች። በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት አስትሮይዶች አንዷ ናት። ስፋቷ አንድ ኪሎሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን የራሷ ጨረቃ አላት። ሙሉ መጠሪያዋ «152830 ድንቅነሽ» ነው። ቁጥሩን አትናቁት። እውነቱን ለመናገር ከስሙ ይልቅ ብዙ የተለፋበት ቁጥሩ ነው።

በ2023 የናሳዋ ሉሲ መንኮራኩር በአጠገቧ ስታልፍ ዜናው ትንሽ ተወርቶ ነበር (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። አብዛኛው ወሬ ስለ ስሙ ነበር። ክፋት የለውም፣ ስሙ ደስ ይላል። ከስሙ በፊት ያለው ታሪክ ግን ተዘለለ። ከአንድ ኪሎሜትር ያነሰች ድንጋይ በዚያ ሁሉ ርቀት ላይ እንዴት ታየች? ከታየች በኋላስ ከመቶ ሺዎቹ መሀል እንዴት ሳትጠፋ ቀረች? አስትሮይድን አንድ ሌሊት ማየት ዛሬ ብዙም አያስቸግርም። ከባዱ መንገዷን ማወቅ ነው፤ መንገዷ ካልታወቀ ደግሞ አገኘናት ማለት አይቻልም።

የምትኖርበት ሰፈር

ስለ አስትሮይድ ቀበቶ ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሥዕል ከፊልም የመጣ ነው። መንኮራኩሯ በድንጋይ መሀል እየተሽሎከሎከች፣ ለጥቂት እያመለጠች ታልፋለች። ውሸት ነው። ቀበቶው ባዶ ነው ቢባል ይቀላል። አንድ ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ድንጋዮች ብቻቸውን ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጡ ይገመታል፣ ግን ቦታው ከልክ ያለፈ ሰፊ ስለሆነ በአንዱና በሌላው መካከል በአማካይ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎሜትር አለ። እስከዛሬ በዚያ በኩል ያለፉት መንኮራኩሮች አንድም ድንጋይ ሳያደናቅፋቸው ነው ያለፉት። እንዲያውም አንዷን ቀረብ ብሎ ማየት ከተፈለገ ሆን ብሎ ወደሷ መታጠፍ ያስፈልጋል። ድንቅነሽም የታየችው እንደዚያ ነው።

የቀበቶው ድንጋይ በሙሉ ቢሰበሰብ ክብደቱ የእኛን ጨረቃ 3 በመቶ ገደማ ቢያክል ነው። ከዚያ ውስጥም ከሲሶ በላይ የሚሆነው ሴሬስ የምትባለው አንዷ ብቻ ጋ ነው ያለው። «ድሮ አንድ ፕላኔት ነበር፣ ፈንድቶ ተበተነ» የሚለውን አሁንም ድረስ የሚያወሩ አሉ። ሒሳቡ አይገጥምም፣ ድንጋዩ በጣም ትንሽ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚሉት የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ፕላኔት ለመሆን ሲሰባሰብ የጁፒተር ስበት እየበጠበጠው ሳይሆንለት የቀረ ነው።

አሁን ወደ ድንቅነሽ ምህዋር እንምጣ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከፀሐይ እስከ መሬት ያለውን ርቀት፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማውን፣ እንደ አንድ መለኪያ ይቆጥሩታል። በዚህ መለኪያ ድንቅነሽ ከፀሐይ በአማካይ 2.19 ላይ ናት። ምህዋሯ ትንሽ ሞላላ ስለሆነ ስትቀርብ 1.95፣ ስትርቅ 2.44 ትደርሳለች። ማርስ 1.52 ላይ፣ ጁፒተር ደግሞ 5.2 ላይ ናቸው። ስለዚህ ድንቅነሽ የቀበቶው የውስጠኛው ክፍል ነዋሪ ናት፣ ወደ ማርስ የምታደላ። ምህዋሯ መሬት ከምትዞርበት ወለል ጋር ሲተያይ ያዘነበለው በ2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። መጥታ ትመታን ይሆን ወይ ብሎ ለሚሰጋ ሰው፦ በጣም በቀረበች ጊዜ እንኳ ከፀሐይ ያላት ርቀት የመሬትን ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። አርፋችሁ ተኙ።

ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጡና አንድ ነገር ሞክሩ። 2.19 ሲባዛ በ2.19፣ እንደገና ሲባዛ በ2.19። 10.5 ይመጣል። የዚያን ስኩዌር ሩት ውሰዱ፣ 3.24 ይሰጣችኋል። ድንቅነሽ ፀሐይን አንዴ ዞራ ለመጨረስ የሚፈጅባት ጊዜ ይሄው ነው፣ 3.24 ዓመት። ይህ የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው፤ ከታተመ 400 ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ለፕላኔቱም ለድንጋዩም እኩል ይሠራል። ርቀቱን የያዘ ጊዜውን ያገኛል፣ ጊዜውን የያዘም ርቀቱን። ፍጥነቷም ከዚያው ይወጣል፦ በሰከንድ 20 ኪሎሜትር ገደማ። መሬት ደግሞ በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ገደማ ስለምትከንፍ በየ17 ወሩ ገደማ ድንቅነሽን በውስጥ በኩል ደርሳ ትቀድማታለች። ይህን መቅደም ያዙልኝ፣ ቆይቶ ያስፈልገናል።

አይቶ ማጣት

አስትሮይድ የሚባል ነገር ገና ሲጀመር የመጣው ችግር ራሱ የምህዋር ችግር ነበር። ጁሴፔ ፒያትሲ የሚባል ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ፓሌርሞ ላይ ሆኖ የከዋክብት ዝርዝር ሲያዘጋጅ አንዷ «ኮከብ» በማግስቱ ቦታዋን ለቃ አገኛት። ሴሬስ ነበረች። ጥቂት ሳምንታት ተከታተላት፣ ከዚያ ታመመ፣ እሷም ወደ ፀሐይ በኩል ሄዳ ከዕይታ ተሰወረች። የት እንደምትወጣ የሚያውቅ አልነበረም። በእጅ ያለው መረጃ ከጠቅላላ ዙሯ በጣም ትንሽ ቁራጭ ነበር። ያኔ 24 ዓመቱ የነበረው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ከዚያች ቁራጭ ተነስቶ ምህዋሩን የሚያወጣ የሒሳብ ዘዴ ፈጠረ፣ «እዚህ ጋ ፈልጓት» አለ፣ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ላይ እሱ ካላት ቦታ አጠገብ ተገኘች። ለእኔ ሴሬስ የተገኘችው ያን ቀን ነው። ፒያትሲ አያት፣ ጋውስ አገኛት ብል የሚቆጣኝ ጣሊያናዊ ይኖር ይሆናል፣ ይቆጣ።

ከዚያ በኋላ ለ90 ዓመት ያህል አስትሮይድ የሚፈለገው በዓይን ነበር። ሰውዬው ቴሌስኮፑ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያየውን ከካርታው ጋር እያመሳከረ፣ ካርታው ላይ የሌለች ነጥብ ካገኘ ተንቀሳቅሳ እንደሆነ በማግስቱ ያያል። ዮሃን ፓሊዛ የሚባል ኦስትሪያዊ በዚህ ዓይነት 122 አስትሮይዶች አግኝቷል። ከ1891 ጀምሮ ጀርመናዊው ማክስ ቮልፍ ፎቶግራፍ አመጣ። ቴሌስኮፑ ከዋክብቱን እየተከተለ ረጅም ፎቶ ሲያነሳ ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ፣ አስትሮይዷ ግን በዚያ ሰዓት ውስጥ ስለምትሄድ አጭር ጭረት ትተዋለች። ሥራው በአንዴ ተለወጠ።

ድንቅነሽ የተገኘችው በሦስተኛው ዘመን ነው፣ በዲጂታል ካሜራና በኮምፒውተር። ኖቬምበር 4 ቀን 1999 ሊኒየር የሚባል ፕሮጀክት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሶኮሮ አካባቢ ባለው ቴሌስኮፕ አነሳት። ሊኒየር የኤምአይቲ ሊንከን ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ቴሌስኮፖቹ መጀመሪያ የታሰቡት ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶችን ለመከታተል ነበር፤ ሰማዩ ላይ የሚንቀሳቀስን ነጥብ ከማይንቀሳቀሰው የሚለይ ዕቃ ካለህ አስትሮይድ ለማደንም ይሆናል። አንዱን የሰማይ ቁራጭ በአንድ ሌሊት ደጋግመው ያነሱታል፣ ኮምፒውተሩ ምስሎቹን ያስተያያል፣ ቦታ የቀየረውን ነጥብ ያወጣል። ማንም ሰው ያን ሌሊት «አየኋት!» ብሎ አልጮኸም። ከሌሎች ብዙ ነጥቦች ጋር ተዘርዝራ ገባች።

ስንት እንደነበሩ ከመጀመሪያ መለያዋ ማንበብ ይቻላል። ያኔ የተሰጣት 1999 ቪዲ57 የሚል መለያ ነው፣ ሲጻፍ በላቲን ፊደል። የመኪና ታርጋ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዷ ምልክት ትርጉም አላት። 1999 ዓመቱ ነው። ዓመቱ በግማሽ በግማሽ ወር ይከፈልና ለእያንዳንዱ ግማሽ አንድ የላቲን ፊደል ይሰጠዋል፤ ቪ ከኖቬምበር 1 እስከ 15 ያለው ነው። ሁለተኛው ፊደል በዚያ ግማሽ ወር ውስጥ ያለውን ተራ ይነግራል፤ ዲ አራተኛ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ፊደላት 25 ናቸው (አይ የምትባለዋ ፊደል ከአንድ ቁጥር ጋር ስለምታምታታ ተዘላለች)። 25ቱ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመርና ስንተኛ ዙር እንደሆነ በቁጥር ይጻፋል። 57 ማለት 25ቱ ፊደላት 57 ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልቀዋል ማለት ነው። 57 ሲባዛ በ25፣ ሲደመር 4፣ 1,429። በዚያ ግማሽ ወር ብቻ 1,429ኛዋ ተመዝጋቢ ነበረች። ጋውስ ለአንዷ ያን ያህል የተጨነቀበትን ነገር አስቡትና ይህን ቁጥር ተመልከቱ።

ቁጥር የሚመጣው ቆይቶ ነው

ይህ መለያ ጊዜያዊ ነው። «የሆነ ነገር አይተናል፣ እስቲ እናጣራ» ማለት ነው። በጥቂት ሌሊቶች የታየች ነጥብ በጣም አጭር የምህዋር ቁራጭ ነው የምትሰጠው። በዚያች ቁራጭ ላይ ብዙ ዓይነት ሞላላ መንገድ ሊገጥም ይችላል፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ የተጋደመ። ዛሬ ላይ ልዩነታቸው ከፀጉር የቀጠነ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ኪሎሜትር ይራራቃሉ፣ እናንተም የት መፈለግ እንዳለባችሁ ግራ ይገባችኋል።

እዚህ ጋ ነው ያ መቅደም የሚመጣው። መሬት ድንቅነሽን በምትቀድምበት ሰሞን ድንቅነሽ ከፀሐይ ተቃራኒ በኩል ትሆናለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ ብላ ትወጣለች፣ ለኛም ቅርብ ስለሆነች ከሌላው ጊዜ ደመቅ ትላለች። ደመቅ ትላለች ስል ለቴሌስኮፕ ነው እንጂ ለዓይን መቼም አትታይም። በአንዱ ዙር ትታያለች፣ ከዚያ ከፀሐይ ጀርባ ትሄዳለች፣ ከ17 ወር በኋላ እንደገና ተፈልጋ ትለካለች። እያንዳንዱ ዙር ምህዋሩን ያጠብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ቁጥር ለማግኘት እንዲህ ያለ አራት ዙር አካባቢ ያስፈልጋል፣ ይህም ለድንቅነሽ ዓይነት አስትሮይድ ዓመታት ማለት ነው። አንዳንዴ የድሮ ፎቶዎች ያሳጥሩታል፦ ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ ባነሳው አሮጌ ምስል ላይ ሳትታወቅ ገብታ ትገኛለች።

መለኪያዎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡት አሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ውስጥ ያለው የጥቃቅን ፕላኔቶች ማዕከል ጋ ነው። ማዕከሉ የሚሠራው በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሥር ነው። ምህዋሩ ካሁን በኋላ አትጠፋም በሚባልበት ደረጃ ሲጠራ ቁጥር ይሰጣታል። 152830 ማለት እንግዲህ መንገዳቸው በደንብ ታውቆ ከተመዘገቡት 152,830ኛዋ ማለት ነው። ዛሬ ዝርዝሩ ከ800 ሺህ አልፏል።

ድሮ እንዲህ ጥብቅ ስላልነበረ የመጣውን ጣጣ ማየት ከፈለጋችሁ 719 አልበርትን ተመልከቱ። ያው ፓሊዛ በ1911 አገኛት፣ ወደ መሬት ጎራ የምትል ዓይነት ናት። ቁጥር ተሰጣት፣ ስም ወጣላት፣ ሁሉ ነገር ተሟላ። ከዚያ ጠፋች። የተለካችው ለአጭር ጊዜ ስለነበር መንገዷ በደንብ አይታወቅም ነበር። 89 ዓመት ሙሉ መዝገቡ ላይ ስሟ አለ፣ ሰማዩ ላይ ግን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። በ2000 አዲስ አስትሮይድ ተገኘች ተብላ ስትለካ፣ ምህዋሯ ሲሰላ፣ ያቺው አልበርት ሆና ተገኘች። ስሟ አልጠቀማትም። ያስገኛት ሒሳቡ ነው።

ስሙስ?

ስም ግዴታ አይደለም። በቁጥር ከተመዘገቡት ውስጥ ስም ያላቸው 5 በመቶ እንኳ አይሞሉም። የተቀሩት በቁጥራቸው ይኖራሉ፣ ምንም አይጎድልባቸውም። ድንቅነሽም ቁጥሯን ይዛ ለዓመታት ያለ ስም ኖራለች።

ደንቡ እንዲህ ነው። አስትሮይዷ ቁጥር ካገኘች በኋላ ላገኛት ሰው ወይም ቡድን ለ10 ዓመት ስም የማቅረብ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ስሙ በላቲን ፊደል ከ16 ፊደል መብለጥ የለበትም፣ ቢቻል አንድ ቃል ቢሆን ይመረጣል፣ ሰው አፍ ላይ የሚመች፣ የማያስቀይም፣ ካሉት ስሞች ጋር የማይምታታ። በፖለቲካ ወይም በጦርነት የታወቀ ሰው ከሆነ ከሞተ 100 ዓመት ማለፍ አለበት፤ ይቺ ደንብ በጣም ትመቸኛለች። የቤት እንስሳ ስም አይበረታታም። የንግድ ማስታወቂያ የሚሆን ስም አይፈቀድም። የቀረበውን የሚያይና የሚያጸድቅ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ቡድን አለ፣ ከጸደቀም በኋላ ከአጭር ማብራሪያ ጋር በይፋዊ መጽሔቱ ይወጣል።

ገንዘብ ከፍሎ ስም ማውጣት የለም። ኢንተርኔት ላይ «በፍቅረኛህ ስም ኮከብ ሰይም» እያሉ ሰርተፍኬት የሚሸጡ አሉ፤ የሚሸጡት ወረቀት ነው፣ ያንን ስም የሚያውቅ የሥነ ፈለክ ተቋም የለም። በድሮ ጊዜ ግን በእውነት ተደርጎ ያውቃል። ፓሊዛ የ1886ን የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት የጉዞ ገንዘብ ቸግሮት የአንዷን አስትሮይድ ስም የማውጣት መብት በ50 ፓውንድ እሸጣለሁ ብሎ አስነገረ። ባሮን አልበርት ፎን ሮትሽልድ ገዛና 250ኛዋን በባለቤቱ ስም ቤቲና አሰኛት። ዛሬም ድረስ ስሟ እሱ ነው።

ድንቅነሽ ስሟን ያገኘችው ሊጎበኟት ስለሆነ ነው። የናሳ ሉሲ ተልዕኮ በኦክቶበር 2021 ተነስቶ ከጁፒተር ጋር አንድ ምህዋር የሚጋሩትን ትሮጃን የሚባሉ አስትሮይዶች ለማየት ነው የሚጓዘው። ተልዕኮው የተሰየመው በ1974 በሐዳር በተገኘችው ቅሪተ አካል ነው፦ እሷ ስለ ሰው አመጣጥ እንዳስረዳች፣ እነዚያ አስትሮይዶችም ስለ ሥርዓተ ፀሐይ አመጣጥ ያስረዳሉ ተብሎ። ከዚያ በፈረንሳይ የኒስ ኦብዘርቫቶሪው ራፋኤል ማርሻል ምህዋራቸው በደንብ የሚታወቅ 500 ሺህ አስትሮይዶችን ወስዶ ከሉሲ መንገድ ጋር አስተያየ። ከሁሉም አንዷ ጎልታ ወጣች፦ መንኮራኩሯ መንገዷን ሳትቀይር እንኳ በ64 ሺህ ኪሎሜትር ርቀት ታልፋታለች። ስም የለሽዋ 152830 ነበረች። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ምህዋሯ ስለታወቀ ነው። በጊዜያዊ መለያዋ ላይ ብትቀር ኖሮ ሉሲ በአጠገቧ ውልብ ብላ ታልፍ ነበር፣ ማንም ሳያውቅ።

ቡድኑ በጃንዋሪ 2023 ዕቅዱን ይፋ አደረገ፣ ስም አቀረበ፣ ፌብሩዋሪ 6 ላይ ስሙ ጸደቀ። ሉሲ የሚባል አስትሮይድ ቀድሞ ስለነበር መንታ ስም አይቻልም፤ ቅሪተ አካሏ በአማርኛ የምትጠራበትን ሰጧት። እንዲያውም ተሻለ።

ስንደርስ ጨረቃ ይዛ ጠበቀች

ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ሉሲ ከድንቅነሽ 430 ኪሎሜትር ገደማ ርቀት ላይ በሰከንድ 4.5 ኪሎሜትር እየበረረች አለፈች። ዋናው ዓላማ ልምምድ ነበር። መንኮራኩሯ በዚያ ፍጥነት ስታልፍ ካሜራዋን ራሷ ወደ ዒላማው እያዞረች መከተል አለባት፣ ከመሬት ትዕዛዝ ልኮ ማስተካከል አይቻልም፣ ትዕዛዙ እስኪደርስ ሁሉ ነገር አልፏል። ትሮጃኖቹ ጋ ከመድረሷ በፊት ይህ ሥርዓት መሥራቱን ማየት ፈለጉ። ሠራ።

ምስሉ ሲወርድ ግን ሁለት አካላት አሉበት። ከመድረሳቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ብርሃኗ ደመቅ ፈዘዝ ሲል ጨረቃ ሳይኖራት አይቀርም ብለው ጠርጥረው ነበር፣ አሁን በዓይናቸው አዩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ የተነሱት ምስሎች ደረሱ፣ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ሆና ተገኘች። ሁለት ድንጋዮች ተነካክተው፣ ተጣብቀው፣ አንድ ላይ ይዞራሉ። በመጀመሪያው ምስል ላይ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደብቆ ነው። ትንሽ አስትሮይድን የምትዞር፣ ሁለት አካል ተነካክቶ የሠራት ጨረቃ ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም።

መጠናቸውን እንየው። ድንቅነሽ በአማካይ 720 ሜትር ገደማ ናት፣ በ3.74 ሰዓት አንዴ በራሷ ትሽከረከራለች። የጨረቃዋ ሁለት ክፍሎች አንዱ 210፣ ሌላው 230 ሜትር ገደማ ናቸው። ከድንቅነሽ በ3.1 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ሆና በ52.7 ሰዓት አንዴ ትዞራታለች፣ ሁልጊዜም አንድ ፊቷን ብቻ እያሳየች፣ ልክ የእኛ ጨረቃ እንደምታደርገው። ያኔ ድረስ ከዋናው ቀበቶ በቅርብ ከታዩት አስትሮይዶች ሁሉ ትንሿ ድንቅነሽ ነበረች።

ይህቺ ጨረቃ ከየት መጣች? የድንቅነሽ መልክ ፍንጭ ይሰጣል። ወገቧ ላይ ዙሪያዋን የከበበ ወጣ ያለ ሸንተረር አለ፣ ሌላ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ረጅም ቦይ። ሸንተረሩ ቦዩን አቋርጦ ከላዩ ተኝቷል፣ ስለዚህ ከቦዩ በኋላ የመጣ ነው። ዋናው ጥርጣሬ ፀሐይ ላይ ነው። ድንጋዩ ብርሃን ይውጣል፣ መልሶ ሙቀት አድርጎ ይለቃል፣ የሚለቀው ሙቀት እጅግ ትንሽ ግፊት አለው። ድንጋዩ ቅርጹ ወጣ ገባ ከሆነ ግፊቱ በሁሉም በኩል እኩል አይሆንም፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሽክርክሪቱን ያፈጥነዋል። ዮርፕ ይሉታል። ድንቅነሽን የመሰለች ስበቷ ደካማ የሆነ አስትሮይድ በጣም ስትፈጥን ወገቧ አካባቢ ያለው ድንጋይና አፈር ይለቃታል። ከፊሉ ተመልሶ ወድቆ ሸንተረሩን ይሠራል፣ ከፊሉ ውጭ ቀርቶ ተሰብስቦ ጨረቃ ይሆናል። ሁለት ትንንሽ ጨረቃ ተሠርቶ ቀስ ብለው ተገናኝተው ይሆናል የሚለው ደግሞ የተጣበቁትን ሁለት ክፍሎች ለማስረዳት የቀረበ ሐሳብ ነው። እኩል ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ለምን እንደሆነ ግን አሁንም የሚያከራክር ነው።

ጨረቃዋም ስም ወጣላት፣ በኖቬምበር መጨረሻ፦ ሰላም። የምድርዋ ሰላም በ2000 ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ያገኟት የሕፃን ቅሪተ አካል ናት። አንዳንዴ «የሉሲ ልጅ» ሲሏት ትሰማላችሁ፣ ግን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ሉሲ 3.2፣ ማን ማንን ሊወልድ? ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የጨረቃዋን የምህዋር ሁኔታ አስልቶ ዕድሜዋ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ለድንጋይ ይህ ጨቅላነት ነው፣ ሥርዓተ ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመቱ ነው። ግምቱ ልክ ከሆነ የሰማይዋ ሰላም ስትሠራና የምድርዋ ሰላም ስትኖር ያን ያህል የተራራቀ ጊዜ አይደለም። ስሙ ሲወጣ ይህን ያወቀ አልነበረም።

ትንሽ ድንጋይ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው፦ ወደ መሬት የሚመጡት ትንንሾቹ ናቸው። ያው የፀሐይ ሙቀት ግፊት ሽክርክሪታቸውን ብቻ ሳይሆን ምህዋራቸውንም ቀስ እያለ ይገፋዋል፣ ትልልቆቹን ግን ብዙም አይነቀንቃቸውም። ተገፍተው፣ በዚያው ከፀሐይ እስከ መሬት ባለው መለኪያ፣ 2.5 አካባቢ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጁፒተር አንዴ ሲዞር እነሱ ልክ ሦስቴ ይዞራሉ፤ ስበቱ በየዙሩ በተመሳሳይ ቦታ እየጎተተ ምህዋራቸውን ያሞላልለውና ወደ ውስጥ ይልካቸዋል። ለዚህ ነው ቀበቶው ላይ 2.5 አካባቢ ባዶ ክፍተት የሚታየው። በ2022 ናሳ ሆን ብሎ መንኮራኩር ያጋጨባት ዲሞርፎስ የምትባለው ጨረቃና የምትዞራት ዲዲሞስ መጠናቸው ከድንቅነሽና ከሰላም ጋር ይቀራረባል። እነዚያ ከቀበቶው ወጥተው ወደኛ ሰፈር የመጡ ናቸው፣ ድንቅነሽ ገና ቤቷ ያለች። ሁለቱን ማስተያየት የተቻለው ሉሲ ካለፈች በኋላ ነው።

ሉሲ ከዚያ በኋላ ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ዶናልድጆሃንሰን የተባለውን ሌላ የቀበቶ አስትሮይድ አይታለች፤ የሉሲን ቅሪተ አካል ባገኘው ሰው የተሰየመ ነው፣ 8 ኪሎሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ መሀሉ የቀጠነ። ከሁለቱ ጫፎቹ ትንሹ አፋር የሚል ስም ወጥቶለታል። የመጀመሪያዋን ትሮጃን፣ ዩሪባቴስን፣ በኦገስት 2027 ታገኛታለች። ዩሪባቴስም ጨረቃ አላት፣ ይህቺኛዋ ግን ሉሲ ከመነሳቷ በፊት በሃብል ቴሌስኮፕ ነው የተገኘችው። ስሟ ኬታ ነው፣ በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ችቦውን በለኮሰችው ሯጭ በኤንሪኬታ ባሲሊዮ የተሰየመ።